ከማቀዝቀዣው ጎን ያለው ጋጥ

ሰኞ 2

የቢሮው ቅጽ አሥራ አራት ዓምዶች አሉት። የእንስሳው ዓይነት፣ ዕድሜ፣ የታመሙ፣ የሞቱ፣ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት እያለ ይቀጥላል። እዚያ የማይገባውን ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ በጭንቅላቴ ይዤ ነበር የምዞረው። ጭንቅላቴ ሞላ መሰለኝ፣ ደብተር ገዛሁ።

ብርዱ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቁ እርባታ ሦስት የሞቱ ግልገል አሳማዎች በጆንያ ተጠቅልለው ወደ ላቦራቶሪያችን መጡ። የሞቱት ትናንት ማታ ነው። የግልገል አንጀት ከሞት በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ አይታገሥም፤ ውስጠኛው ሽፋን ተልጦ ይረግፋል፣ ከዚያ በኋላ በሽታ የላጠው ይሁን ሞት የላጠው የሚለይ ሐኪም የለም። ሾፌሩን ዛሬ የታመመ፣ በሕይወት ያለ አምጣልኝ አልኩት። መልእክቱ ለእርባታው ሥራ አስኪያጅ ደረሰ መሰል ደወለልኝ፤ የሞተው ሞልቶ ተርፎ ሳለ ያለውን ልግደልልሽ ወይ ብሎ አላገጠብኝ። አዎ አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

ረቡዕ 4

ካላመጡልኝ ልሂድ ብዬ ሄድኩ። ናሙና ሰብሳቢያችን የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ስለዚህ በዚህ ወቅት ሐኪሟም ሰብሳቢዋም ሾፌሯም እኔው ነኝ።

የትልቁ እርባታ መውለጃ ቤት ረጅም ነው፤ ግራና ቀኝ ጋጥ፣ መሐሉ መተላለፊያ። በሩን ስከፍተው ሽታው ግማሹን ነገረኝ፣ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ነው። ግልገሎቹ እናታቸው ሆድ ሥር ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ተቅማጡ ቢጫ ውሃ ነው፣ ያልተፈጨ ወተት ተንሳፍፎበታል። ሥራ አስኪያጁ በጣም የደከመውን፣ ታሞ ሦስት ቀን ያለፈውን አንስቶ ሰጠኝ። መሞቱ ስለማይቀር እሱ አያሳዝንም ማለቱ ነው። እኔ የፈለግኩት ገና ዛሬ ጠዋት ማስመለስ የጀመረውን ነው። ቫይረሱ አንጀቱን የሚሞላው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፣ እኛ የምናንኳኳው ባዶ ቤት ነው። ተከራክሬ ወሰድኩ።

በመርፌ አስተኛሁት። ልቡ ከቆመ አንስቶ አንጀቱ ፎርማሊን ውስጥ እስኪገባ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ብቻዬን መሆኔ ሲታሰብ መጥፎ አይደለም። የአንጀቱ ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ከሥሩ ያለው ጓንቴ ይታያል። አሲድ መለያው የሊትመስ ወረቀት ቀላ። ወተቱ ሳይፈጭ እታች ወርዶ ኮምጥጧል፣ የሚፈጨው ሽፋን የለም ማለት ነው። የባክቴሪያ ተቅማጥ ቢሆን ወረቀቱ ሰማያዊ በሆነ ነበር። ጨጓራው ግን በረጋ ወተት ሙሉ ነው። እስከ መጨረሻው ይጠባሉ። ይህን አልወድም።

ትልቁን የናሙና ሳጥን መተላለፊያው ላይ አስቀምጬ ጠርሙሶቹን ደረደርኩ፣ ጻፍኩባቸው፣ ዘጋሁት። ስወጣ ቱታዬን ቀየርኩ፣ ቦቴን በበረኪና ፈተግኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። በዚህ ነገር እታማለሁ። ውጤት እስኪወጣ ድረስ ትንፍሽ ስለማይል ነቢዩ የምንለው የቫይረስ መለያ ማሽኑ ባለሙያ፣ አንቺ እኮ ስልክም የምታነሺው በጓንት ነው ይለኛል።

ስመለስ የሳጥኑ በረዶ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። መንገዱ በታላቅ ወንድሜ እርባታ በር ስለሚያልፍ እግረ መንገዴን ጎራ አልኩ። ወንድሜ አሥራ ስምንት እናት አሳማዎች አሉት፤ ከፋብሪካው ከተቀነሰ ወዲህ የቤቱ ሁሉ ተስፋ እነሱ ናቸው፣ አብዛኞቹም በዚህና በሚመጣው ወር የሚወልዱ ናቸው። ማቀዝቀዣው ክትባት ስለሚቀመጥበት ያለው መውለጃው ቤት ውስጥ ነው። ሌላ ቱታ፣ ሌላ ቦት አድርጌ ገባሁ፤ ሳጥኑን ማቀዝቀዣው ሥር አኑሬ በረዶውን ቀየርኩ። ወንድሜ፣ አንቺ የሞተ ካልኖረ አትመጪም ብሎ ለከፈኝ። ተንከባካቢያቸው ያነከሰች አሳማ አሳየኝ። ይህን ሰውዬ ሹክሹክታ ነው የሚሉት፤ አሳማዎቹን ጆሯቸው ሥር ሆኖ ስለሚያናግራቸው የወጣለት ስም ነው። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሲገባ ልክ አራት ዲግሪ ላይ ነበር። ከዚህ የተሻለ አይመጣም።

ሐሙስ 5

ነቢዩ ተናገረ።

ግልገልን እንዲህ የሚያስቀምጡት ቫይረሶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ቀለል ያለ ነው፣ ጥቂት ይገድላል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ በዓይን አይለዩም፤ ከሳምንት በታች ያለውን ግልገል ከሞላ ጎደል አይምሩም። የመጣብን ከሁለቱ አንዱ፣ የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ የምንለው ነው። ሪፖርቱን ጻፍኩ፣ አለቃችን ፈረመበት፣ ትልቁ እርባታ ተዘጋ። ወደ ሰው አይተላለፍም ብዬ ለሦስት ሰው በስልክ አስረዳሁ። አራተኛው ደዋይ ልጁ ተቅማጥ ይዞት ነበር። ወደ ሰው ሐኪም ላክሁት።

ቅዳሜ 7

የአንጀቱ ቁራጭ ዛሬ ለማይክሮስኮፕ ደረሰ። የጤነኛ ትንሹ አንጀት ውስጥ እንደ አዲስ ፎጣ ነው፤ እያንዳንዷ ክር ቆማ ምግብ ትመጥጣለች። የዛሬው ያለቀ አንሶላ ነው። ማሽኑ የተናገረውን ዓይኔም አየው። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ትንሽ አሳፈረኝ፣ ግን አለኝ።

እሑድ 8፣ ጠዋት

ወንድሜ ደወለ። አንድ ጋጥ። አሥራ አንድ ግልገል። ከንጋት ጀምሮ ያስመልሳሉ። ማንም አይግባ፣ ማንም አይውጣ አልኩት። ትንሹን ሳጥን ይዤ እየወጣሁ ነው። የትልቁ እጀታ ላልቷል።

እሑድ 8፣ ከሰዓት

ሊትመሱ ቀይ። ግድግዳው ስስ። ነገ ማሽኑ የሚለውን አውቀዋለሁ።

የታመሙት ከማቀዝቀዣው ጎን ባለው ጋጥ ውስጥ ያሉት ናቸው። መኖ ከሚገባበት በር ሩቁ ጋጥ እሱ ነው። ሹክሹክታ መኖ ማደል የሚጀምረው ከበሩ ነው፤ እዚህ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ቅጹን ከወንድሜ ጋር ሞላን። ባለፉት ሰባት ቀናት ከውጭ የገቡ ሰዎች የሚል ዓምድ አለ። የመኖ መኪናው ሾፌር አለኝ፤ እሱም ከበር አላለፈም። ሌላስ አልኩት።

"ማንም። አንቺ እንግዳ አይደለሽ።"

ሾፌሩን ብቻ ጻፍኩ። ወንድሜ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ። ብዕሩን መልሶልኝ ጋጡ ፊት ተንበረከከ። ወንድሜን እንዲህ ሆኖ ያየሁት አባታችን የሞተ ዕለት ነው። አንጀቴን በላው።

ሰኞ 9

ነቢዩ የተናገረው ያንኑ ነው። የትልቁ እርባታና የወንድሜ አንድ ዓይነት ናቸው አለ። ወንዝ ተሻግሮ በአራት ቀን እንዴት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። ነፋስ፣ ወፍ፣ መኪና አልኩት። እሺ አለ። እሺ ሲል ማመኑ አይደለም።

ማክሰኞ 10

ሁለተኛ ጋጥ። ሦስተኛ። አሥራ አንዱ ሁሉም አልቀዋል።

ረቡዕ 11

አምስት ጋጥ። ስኳርና ጨው በጥብጠን በጠርሙስ እያጠጣን ነው። ይጠባሉ፣ ያስመልሳሉ፣ እንደገና ይጠባሉ።

ሐሙስ 12

ክትባት ለዚህ ወቅት አይደርስም። የቀረን ዘዴ አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የታመመውን ግልገል አንጀት ፈጭቶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ገና ላልወለዱት እናቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማብላት። እናቶቹ ሁለት ሦስት ቀን ይጎሳቆላሉ፣ አይሞቱም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወተታቸው መከላከያ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚወለደው ይተርፋል። ግማሹ ቢበላና ግማሹ ቢቀር ግን በሽታው ለወራት እየተንከባለለ ይኖራል። ሁሉም፣ በአንድ ቀን።

አንጀቱን ከመፍጨት ይልቅ ይህን ለወንድሜ ማስረዳት ከበደኝ። "ልጁን ለእናቱ?" አለኝ። ወጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

የሠራችው ዋርሳዬ ናት፣ የወንድሜ ሚስት። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ባልዲውን ተቀበለችኝ። ትችይዋለሽ ወይ ስላት ሆዴ ባይችለው እጄ ይችለዋል አለችኝ። ሹክሹክታ በየጋጡ እየገባ እናቶቹን ሲያባብላቸው እሷ ታፈስላቸዋለች። አንዲቷ አሻፈረኝ ብላ ነበር፤ ምን እንዳላት እንጃ፣ ጆሮዋ ሥር ትንሽ አወራትና በላች። ያልወለዱት አሥራ ሦስቱም በሉ። ሥራው በደንብ ተሠርቷል።

ዓርብ 13

አለቃችን ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ባዶ መቅረቱን አየ፤ ሊሆን የሚችል መነሻ የሚለውን። ለበላይ የሚሄድ ወረቀት ባዶ አይሄድም አለኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱ አስቦበት ነበር የጠበቀኝ። የሹክሹክታ ሚስት የእህቷ ልጅ ትልቁ እርባታ ነው የሚሠራው አለኝ። እሑድ አንድ የሹክሹክታ የዕረፍት ቀን ነበር፤ ወዴት ይሄዳል፣ ዘመድ ጥየቃ ነዋ አለኝ።

"ሠራተኛው ከታመመው እርባታ ጋር በነበረው ንክኪ ሊሆን ይችላል" ብዬ ጻፍኩ። ሊሆን ይችላል ማለት ነው ማለት አይደለም። ፈረምኩ። አንድ ቅጂ ለእርባታው ባለቤት ይሄዳል፣ ደንቡ ነው።

ቅዳሜ 14

ወረቀቱን አድርሼ ልመለስ ነበር። ወንድሜ እዚያው በሩ ላይ ሹክሹክታን ጠርቶ አነበበለት። ካነበበለት በኋላ ነገ እንዳትመጣ አለው። ስምንት ዓመት አብሮት ሠርቷል።

ሹክሹክታ አልጮኸም። መጮኽም የሚችል አይመስለኝም። እሑድ ቤቴ ነበርኩ፣ የዚያን እርባታ በር ረግጬ አላውቅም አለ። ወንድሜ ዞር አለ። ሰውየው ያኔ ወደ እኔ ተመለሰ።

"ዶክተር፣ እርስዎ ያውቁታል። በምን በምን ነው የሚመጣው?"

"በብዙ መንገድ" አልኩት።

መልሱ ትክክል ነው። ማንኛውም መጽሐፍ ላይ አለ። ሰውየው እንዳመሰገነ ሰው ራሱን ነቀነቀና ቱታውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ አጥሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ ከፍቼ መጣሁ።

ማክሰኞ 17

የሞት ቁጥር እየቀነሰ ነው፤ የሚሞተው እያለቀ ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ ስድሳ አራት። ወንድሜ ብቻውን ማታ ማታ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ዋርሳዬ ኖራ ትነሰንሳለች። እናቶቹ በሹክሹክታ ቦታ የገባውን አዲስ ሰው አልለመዱትም፤ አንዲቷ ነከሰችው።

በምሳ ሰዓት የመውለጃውን ቤት በወረቀት ሣልኩ። ጋጦቹን፣ በሩን፣ ማቀዝቀዣውን፤ እያንዳንዱ ጋጥ የታመመበትን ቀን ጻፍኩበት። ይህን ለሌላ እርባታ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ በሽታው ከየት እንደገባ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከማቀዝቀዣው ይጀምራል፣ መተላለፊያውን ይዞ ወደ በሩ ይወርዳል። ሥዕሉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ምሳዬን ሳልበላ ሰዓቱ አለፈ።

ሐሙስ 19

ነቢዩ ትልቁን ሳጥን ለምን ተውሽው አለኝ። ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እጀታው ላልቷል አልኩት። አውርዶ እጀታውን ጎተተ፣ አወዛወዘ። ምንም አልሆነም እኮ አለኝ። መልሰው አልኩት። ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ጮኸ።

መለሰው።

ሰኞ 23

አለቃችን ሻይ ላይ ወሬ ይዞ መጣ። ትልቁ እርባታ መኖ አቅራቢውን ሊከስ ነው አለ፣ በሽታ ያመጣብኝ እሱ ነው ብሎ። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" አለና ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ሳቅሁ።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ስለ ወንድሜ እርባታ ሲያወራ ሰማሁት። "ሠራተኛ ነዋ፣ ሁሌም ሠራተኛ ነው" አለ ለሒሳብ ሹሟ። ይህን የሚያውቀው ከእኔ ወረቀት ነው።

ዋርሳዬ ደውላ ነበር። ሁለት እናቶች መኖ አልበላ ብለዋል፣ አዲሱ ሰው ሊጠጋቸው አልቻለም፣ ሹክሹክታ ቢኖር አለች። ቢኖር ብላ ተወችው።

ረቡዕ 25

ዛሬ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ትልቁን ሳጥን አውርጄ ገለበጥኩት። ከሥሩ አራት የጎማ እግሮች አሉት፤ በእግሮቹና በሳጥኑ መሐል ጣት የማያስገባ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ነገር ነበር፣ ቢጫ ወደ ቡኒ የሄደ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቦቴን ፈትጌአለሁ፣ ቱታዬን ቀቅያለሁ፣ የሳጥኑን ክዳን በአልኮል ወልውያለሁ። የሳጥኑን ሥር አጥቤው አላውቅም። ማንም ሲያጥብ አላየሁም። ከውስጡ እንዳይሞቅ ስንጨነቅ፣ ከውጭ ምን እንደያዘ ያሰበ የለም። ያ በረዶም የጠቀመው ቫይረሱን ነው፤ ብርድ ይወዳል።

በጥጥ ጠርጌ ወሰድኩ። ቱቦው ላይ ናሙና 61 ብዬ ጻፍኩ። ከየት የሚለውን ባዶ ተውኩት። ሳጥኑ በዚህ ወር የወጣው ረቡዕ አራት ብቻ ነው፣ ትልቁ እርባታና ከዚያ ወንድሜ ጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከመደርደሪያው አልወረደም። ስለዚህ ቫይረሱ ከተገኘበት ሌላ ማብራሪያ አይኖረውም።

ነቢዩ ማሽኑን ሲጭን ባዶውን ቦታ አየ።

"ይሄ ከየትኛው እርባታ ነው?"

"ከእኔ" አልኩት።

አየኝ። ወደ መደርደሪያው አየ። ወንበር አምጥቶልኝ ሥራውን ቀጠለ።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ በማሽኑ መስኮት ላይ መስመሩ ተነሳ፣ በሃያ ሰባተኛው ዙር፤ ቫይረሱ አለ ማለት ነው። ማሽኑ የሞተውን ቫይረስ ከሕያው አይለይም። ለመከራከሪያ ይሆናል ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ይህን ክርክር ሌላ ሐኪም ቢያመጣብኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ሹክሹክታ በምን ይመጣል ብሎ ሲጠይቀኝ አውቅ ነበር ወይ? አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። እሑድ ዕለት ትንሹን ሳጥን ይዤ ነው የወጣሁት። የትልቁ እጀታ አልላላም ነበር። በጣም አፍራለሁ።

ዓርብ 27

ቅጹን አዲስ ሞላሁ። ከውጭ የገቡ ሰዎች በሚለው ሥር የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። መነሻ በሚለው ሥር፣ የላቦራቶሪው ናሙና ሳጥን ብዬ ጻፍኩ፣ የማሽኑን ውጤት አያያዝኩ።

አለቃችን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለገበሬ ሁሉ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። አሁን በሩን ዘጋና፣ የሞተው ሞቷል፣ ይህ ወረቀት ማንን ያስነሳል አለኝ። ከሥራ የተባረረ ሰው አለ አልኩት። ሰውየውን በቃል ይቅርታ ጠይቂው፣ ወረቀቱ ይቅር አለ። ያባረረው ወረቀት ነው አልኩት።

ፈረመ። ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ለስድስት ወር እርባታ እንዳልወጣ ታገድኩ። የሳጥኑን ሥር የሚመለከት መመሪያ ግን እኔው እንዳረቅቅ አዘዘኝ።

እሑድ 29

ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ወደ በረቱ ስላልተፈቀደልኝ ውጭ፣ አጥሩ ጋ ነው የተነጋገርነው። ዋርሳዬም መጣች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ሳጥኑን፣ በረዶውን፣ ስንጥቁን፣ ማሽኑን። እንደ ሪፖርት ነው የተናገርኩት፤ ሌላ አነጋገር አላውቅበትም።

ዋርሳዬ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሜ አልደነገጠም።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ከመቼ ጀምሮ አልኩት።

"ያን ዕለት ከሄድሽ በኋላ ሳጥንሽ የቆመበት ቦታ ጭቃ ነበር። እኔው ነኝ መጥረጊያ ይዤ የጠረግኩት። እሑድ ያ ጋጥ ሲታመም ገባኝ።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ሰውየውን?"

"እሱ ሌላ ሥራ ያገኛል። የአንቺ ስም አንዴ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል? እህቴ ነሽ እኮ።"

እንዳመሰግነው የጠበቀ ይመስለኛል። ከስድሳ በላይ ግልገል ቀብሮ፣ ምንጩን እያወቀ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልወረወረብኝም። ይህን ያህል የሚወደኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ አስጠላኝ። በዚህ ፍቅር ውስጥ ሁለታችንም ተመችቶን ተቀምጠን ሳለ የወጣው ሌላ ሰው ነው። እዚያው አጥሩ ላይ አለቀስኩ፤ ወንድሜ ለግልገሎቹ መስሎት፣ ሌላ ይወለዳል አለኝ።

የጠረገውን ጭቃ በየት በኩል ገፍቶ እንዳወጣው አልጠየቅኩትም። ሥዕሉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ቀኖቹ መጥረጊያ እንደተከተለ ሰው እየተከታተሉ ወደ በሩ ይወርዳሉ። ለእሱ ይህን መንገር አይጠቅምም። እዚህ ላይ ሆድ ይፍጀው።

አዲሱን ቅጽ እንዲፈርም ሰጠሁት። አልፈርምም አለ። ዋርሳዬ ከእጁ ወሰደችና ፈረመች። ሰውየውን መልሰው አለችው። እሱ ከመጣ እኔ ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ አለ። እንደምንም ብለህ አለችው።

ሐሙስ 3

ሁለት እናቶች ወለዱ ብላ ዋርሳዬ ደወለች። ሃያ ሁለት ግልገል፣ አራተኛ ቀናቸው፣ ሁሉም ይጠባሉ፣ አንድም አላስመለሰም። ወተቱ ያዘ ማለት ነው። ሰውየውስ አልኳት። ወንድሜ ትናንት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ በር ሳያንኳኳ ተመልሷል።

ከሥራ በኋላ እኔ ሄድኩ። የሚኖሩት ከአናጢ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው፣ ትንሽ ግቢ አላቸው። ሹክሹክታ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር ይጠግናል። ተነሳልኝ። ቅጂውን ሰጠሁት፣ የተጻፈውንም በቃሌ ነገርኩት፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ስትጠይቀኝም ጠርጥሬ ነበር አልኩት። ወንድሜም እንድትመለስለት ይፈልጋል አልኩት።

በዚያው በዝቅተኛ ድምፁ መለሰልኝ።

"እኔ አለመሄዴን አውቃለሁ፤ ለእኔ መንገርዎ ምንም አይጨምርልኝም። ለእሷ ይንገሯት።"

ሚስቱ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ነገሩ ከተሰማ ጀምሮ ትልቁ እርባታ የሚሠራውን የእህቷን ልጅ ቤት እንዳይደርስ ከልክላዋለች፣ ከእህቷም ጋር ተኳርፋለች፤ በእኛ በኩል ነው ባሌ እንጀራው የተቆረጠው ብላ። ከባሏ ጋርም በወጉ አይነጋገሩም። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፣ እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት፣ በጥቂት ቃል።

ሄጄ ነገርኳት። ቅጹን፣ ሳጥኑን፣ ቀኑን። በእኔ ነው የገባው፣ ባለቤትዎ የለበትም አልኳት።

እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"ሄደ የተባለው እሑድ ዕለት አይደል?"

አዎ፣ እሑድ አንድ አልኳት።

"እሑድ ከአልጋ አልወረደም። ትኩሳት ነበረበት። ሦስት ጊዜ ልብሱን የቀየርኩለት እኔ ነኝ።"

ታዲያ፣ ብዬ ጀመርኩ። እሷ ጨረሰችልኝ።

"ሐኪም የፈረመችበት ወረቀት አለ አሉኝ። እንቅልፍ ሲጥለኝ ወጥቶ ይሆናል አልኩ።"

ይህን ስትል የምታየው እኔን አልነበረም። ሹክሹክታ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷታል። የወንበሩን እግር አስቀምጦ ወደ ውስጥ ገባ። እሷም አንሶላውን ቅርጫቱ ውስጥ መልሳ ተከተለችው። ግቢው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።